ለስፖት ላይት ኮርኒስ ልበሳ ነው፣ 75 ወይስ 90?

ቤት አዳሽ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሳሎን መሀል ያለውን አንድ አምፖል አስነስቼ በምትኩ ስፖት ላይት ላስገባ ነው። ኮርኒሱ ጂፕሰም ቦርድ ነው፣ ቀለም ተቀብቶ ያለቀ፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ ክፍል አለ፣ ቀጥታ ጣራ አይደለም ማለቴ ነው። መብራቶቹን ገዝቻለሁ፣ ክብ ኤልኢዲ ናቸው ግራና ቀኝ ስፕሪንግ ያላቸው። ግራ የገባኝ ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ ጋ 90 ይላል ሌላው ጋ 75፣ መጀመሪያ ያማከርኩት ሰው "መብራቱ 90 ነው በ90 ብሺው" አለኝ፣ ሌላው ደግሞ "ኧረ በ75 ነው" አለኝ፣ እና አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ ስለሌለው ሆል ሶው (ድሪል ላይ የሚገጠመውን ክብ መቁረጫ) ሳልገዛ ቁጭ ብያለሁ።

ሌላው ደግሞ ጂፕሰሙ የታሰረበት ብረት የት የት እንዳለ ከስር ሆኜ እንዴት ነው የማውቀው? በስቼ ብረት ላይ ባርፍስ? ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.40 ነው፣ ስንት መብራት በስንት ርቀት እንደሚሆንም ንገሩኝ። የኤሌክትሪኩን ግንኙነት ባለሙያ ነው የሚሠራልኝ፣ ቀዳዳውን ግን ራሴ መብሳት እፈልጋለሁ፣ ድሪል አለኝ መጠቀምም እችላለሁ። አቧራው ግን ያስፈራኛል፣ ሶፋና ምንጣፍ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው። አመሰግናለሁ በቅድሚያ።

የጂፕሰም ሰው

እህቴ 75ቱ ነው፣ 90ውን እንዳትነኪው። 90 ማለት ከስር የሚታየው ቀለበት ከዳር እስከ ዳር ነው፣ 75 ደግሞ ኮርኒሱ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ነው። ልዩነቱን ለሁለት ብትካፍይው ቀለበቱ በየጎኑ የሚሸፍንልሽ 7 ሚሊ ተኩል ብቻ ነው፣ በ90 ከቆረጥሽው መብራቱ የሚንጠለጠልበት ነገር ስለሌለው ተመልሶ እጅሽ ላይ ይወድቃል። ካርቶኑንም ቢሆን ዝም ብለሽ አትመኚው፣ አንዱን መብራት አውጪና ስፕሪንጎቹን ወደ ላይ አጥፈሽ ገላውን በሜትር ለኪው፣ 70 ወይ 72 ከመጣ 75 ልክ ነው። ከዛ ቁራጭ ጂፕሰም ፈልጊና መጀመሪያ እሱን ብሺው፣ መብራቱን አስገቢ አውጪ፣ ደህና አድርጎ ከያዘ ነው ኮርኒስ ላይ መውጣት ያለብሽ። ቁራጭ ካጣሽ ወፍራም ካርቶን ላይ በ75 ክብ ቆርጠሽ ብትሞክሪው እንኳን ከምንም ይሻላል።

ብረቱን ለማግኘት የሚያስፈልግሽ ትንሽ ግን ጠንካራ ማግኔት ነው። ቀለሙን እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልይውና ኮርኒሱ ላይ ቀስ እያልሽ አንሸራቺው፣ ቪት ያለበት ቦታ ላይ ጥብቅ ይልልሻል። እዛች ጋ እርሳስ አሳርፊ። ሦስት አራት ቪት ካገኘሽ በኋላ መስመር ሠርተው ታያቸዋለሽ፣ ብረቱ የሚሄደው በዛ ላይ ነው፣ ቀጣዩ ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ 40 ወይ 60 ሳንቲም ላይ ነው የሚገኘው። ቦርድና ቦርድ የተጋጠመበትም ቦታ ቪቱ ጥንድ ጥንድ ስለሚሆን ያስታውቃል፣ ከመጋጠሚያው ራቅ በይ፣ እዛ ጋ ከተበሳ ስቱኮው ይሰነጠቃል።

ይሄን ሁሉ አድርገሽም ገና ሆል ሶው አታንሺ። የቀዳዳው መሀል ምልክት ላይ በ6 ሚሊ ፑንታ ብቻ ብሺ። ከዛ ጠንካራ ሽቦ ውሰጂና ጫፉን እንደ ኤል ፊደል እጠፊው፣ የታጠፈው ክንድ 6 ሳንቲም አካባቢ ይሁን። በቀዳዳዋ አስገቢውና ሙሉ ዙር አዙሪው። ምንም ሳይነካው ከዞረ ለመብራቱም ለስፕሪንጎቹም ቦታ አለ ማለት ነው። የሆነ ነገር ገጭ ካደረገሽ በየት አቅጣጫ እንደሆነ ክንዱ ራሱ ስለሚነግርሽ ምልክቱን ወደ ሌላኛው ጎን ትገፊዋለሽ፣ ያቺን 6 ሚሊ ቀዳዳ በስቱኮ መድፈን ደግሞ የደቂቃ ሥራ ነው። 75 ሚሊ ከቆረጥሽ በኋላ ብረት ላይ ማረፍሽን ከማወቅ ይልቅ አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል። የጂፕሰሙን ብረት ደግሞ በፍጹም አትቁረጪው፣ ኮርኒሱን የተሸከመው እሱ ነው።

አቆራረጡ ላይ፣ ድሪሉ ሀመር ካለው አጥፊው፣ ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጊው። መጀመሪያ የመሀሉ ፑንታ እስኪይዝ ወደ ፊት፣ ከዛ ጥርሱ የቦርዱን ወረቀት ሲነካ ትንሽ ወደ ኋላ አዙሪው፣ ወደ ኋላ ሲዞር ወረቀቱን ሳይቦጭቅ ክብ መስመር ያወጣልሻል፣ ከዛ ወደ ፊት አድርገሽ ጨርሺው። አትጫኚው። ጂፕሰም ለስላሳ ነው በራሱ ክብደት ይበላል፣ ከተጫንሽው መጨረሻ ላይ በድንገት ዘልቆ የላይኛውን ወረቀት ይቦጭቃል ስፕሪንጉ የሚያርፍበት ደግሞ እሱ ላይ ነው። በሁለት እጅ ያዢው፣ ብረት ወይ ቪት ካገኘ ድሪሉ እጅ ይጠመዝዛል።

ለአቧራው አሮጌ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ውሰጂና መቀመጫውን በስተሽ የሆል ሶውን ዘንግ አሳልፊበት፣ አፉ ወደ ኮርኒሱ ሆኖ ስትበሺ ዱቄቱ አብዛኛው ሳህኑ ውስጥ ይቀራል። መነጽርና ማስክ ግን ግድ ነው። ቀና ብለሽ ስለምትሠሪ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ነው የሚወርደው።

ጋሽ መስመር

ልጄ፣ ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፣ የሽቦዋም ዘዴ ጥሩ ናት፣ ግን አንድ ነገር ሳልጨምርበት ማለፍ አልችልም። ያ ሽቦ ብረት ነው። ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ለመሀሉ አምፖል የሚመጣ መስመር አለ፣ ምናልባትም ለሌላ ክፍል የሚያልፍ መስመር አለ። ስለዚህ ብሬከሩን ሳታጠፊ 6 ሚሊዋንም ቢሆን እንዳትበሺ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ እሱ ያንን አምፖል ብቻ ነው የሚያጠፋው በኮርኒሱ የሚያልፈው መስመር ላይ መብራት እንዳለ ይቀራል። የትኛው ብሬከር የቱን እንደሚያጠፋ እርግጠኛ ካልሆንሽ ዋናውን አጥፊው፣ ድሪሉ በባትሪ ካልሆነ ከሌላ ቤት ገመድ ሳቢ። ቴስተርሽን ደግሞ መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቂው ሶኬት ላይ ሞክሪው፣ መሥራቱን ካየሽ በኋላ ነው የጠፋውን የምትፈትሺበት፣ የተበላሸ ቴስተርም "የለም" ነው የሚለው።

ሁለተኛ ጥልቀቱ። ስለ ስፋቱ ብዙ ተባለ ስለ ከፍታው ማንም አላነሳም። አምፖሉ የሚቀየረው ዓይነት፣ ጂዩ 10 የሚባለው ከሆነ፣ ከነመያዣው ብዙ ጊዜ ከ10 ሳንቲም ያላነሰ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ኤልኢዲው ከገላው ጋር አንድ የሆነው ስስ ዓይነት ግን በጥቂት ሳንቲም ይገባል፣ ትራንስፎርመሯ ብቻ ጎን ላይ ትተኛለች። ስለዚህ በመጀመሪያዋ 6 ሚሊ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ሽቦም አስገቢና ላይኛው ወለል እስኪነካ ስንት እንደገባ ለኪ። በቂ ካልሆነ መብራቱን መቀየር ትችያለሽ፣ ቀዳዳ ከተቆረጠ በኋላ ግን ተያዝሽ።

ሦስተኛው ከላይ ሌላ ክፍል አለ ያልሽው ነገር ነው። ያ ወለል ቤቶን ከሆነ እሳትን የሚይዘው ቤቶኑ ነው። የእንጨት ወለል ከሆነ ግን እሳት ቢነሳ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያዘገየው ያው የጂፕሰም ኮርኒስ ነው፣ አንቺ ደግሞ እሱን ልትበሺው ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ኮርኒስ እሳትን እንዲቋቋሙ ተብለው የሚሠሩ ስፖት ላይቶች አሉ፣ ሙቀት ሲነካው የሚያብጥና ቀዳዳውን የሚዘጋ ነገር ያላቸው። ወለሉ እንጨት ከሆነ እሱን ግዢ፣ የገዛሽውን መልሺ። ከላይ ፋይበር ወይ ሌላ ሙቀት መያዣ ከተነጠፈም መብራቱንና ትራንስፎርመሩን እንዳይሸፍነው ገለል አድርጊው፣ የተሸፈነ ኤልኢዲ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ ድሮ 50 ዋቱ ሃሎጅን በነበረበት ጊዜ ደግሞ የእሳት መነሻም ይሆን ነበር። እንዲሸፈን የተፈቀደለት ዓይነት ከሆነ ራሱ መብራቱ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ባለሙያውን ደግሞ ከመብሳትሽ በፊት ጥሪው እንጂ ከበሳሽ በኋላ አትጥሪው። መስመሩ ከአንዱ መብራት ወደ ሌላው እየተቀጠለ ስለሚሄድ በየትኛው በኩል እንደሚጎትት አስቀድሞ ማየት አለበት፣ አንዳንዴ ብረቱ መንገድ ስለሚዘጋ አንዱን ቀዳዳ ትንሽ ገፋ ማድረግ ያዋጣል። ቅጥያዎቹ ደግሞ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ይሁኑ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ የተጣለ ቅጥያ አትቀበዪ።

ቤት አዳሽ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስለ ጥልቀቱ ጭራሽ አላሰብኩም ነበር። ከላይ ያለው ቤቶን ነው፣ ጂፕሰሙ ከሱ ላይ ወርዶ ነው የተንጠለጠለው። አሁን ብሬከሩን አጥፍቼ አንድ 6 ሚሊ በስቼ ለካሁ፣ 14 ሳንቲም አካባቢ ክፍት ነው፣ ሽቦውም ሙሉ ዙር ዞረልኝ። ቀሪው ጥያቄ የቦታው አቀማመጥ ነው፣ 9 ልግዛ ወይስ ያሉኝ 6 ይበቃሉ?

ጥላና ብርሃን

6ቱ ይበቁሻል ነው የኔ መልስ፣ ግን አምፖሎቹ ሰፋ አድርገው የሚበትኑ ከሆኑ ነው። ካርቶኑ ላይ በዲግሪ የተጻፈ ነገር ፈልጊ። 36 ዲግሪ ከሆነ ከ2.40 ከፍታ ወለል ላይ የሚጥለው ክብ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ 60 ዲግሪ ከሆነ ግን ወደ 2 ሜትር ከ75 ይጠጋል። ጠረጴዛ ከፍታ ላይ ደግሞ ያንሳል፣ 36ቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ 60ው አንድ ሜትር ከ90 አካባቢ። ስለዚህ ባለ 36 ከሆነ በ6 መብራት መሀል መሀሉ ላይ ጨለም ያለ ቦታ ይተውልሻል፣ ባለ 60 ከሆነ ይገናኛሉ።

ሰዎች የሚጠቀሙበት ልማድ የኮርኒሱን ከፍታ ለሁለት ማካፈል ነው፣ ያንቺ 2.40 ስለሆነ በመብራትና በመብራት መካከል 1.20፣ ከግድግዳ ደግሞ የሱ ግማሽ 60 ሳንቲም። በዚህ ከሄድሽ ክፍልሽ ሦስት በሦስት 9 መብራት ይወጣዋል። ይሄ ልማድ መጥፎ አይደለም ግን ለሳሎን የበዛ ነው፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብለሽ ስታዪው ኮርኒሱ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ዓይን ያደክማል። እኔ ብሆን በ4 ሜትሩ በኩል ሦስት፣ በ3.50ው በኩል ሁለት ነበር የማደርገው። ማለትም በረጅሙ ጎን ከግድግዳ 67 ሳንቲም፣ ከዛ በ1.33 ልዩነት። በአጭሩ ጎን ከግድግዳ 87 ሳንቲም ተኩል፣ በመሀላቸው 1.75። የመሀሉን አምፖል መስመር ደግሞ እንዲያው አትጣዪው፣ የጠረጴዛ ወይ የጥግ መብራት ሁለተኛ ማብሪያ ላይ አስደርጊበት። ሳሎን በኮርኒስ መብራት ብቻ አይሞቅም፣ ከላይ ብቻ ሲመጣ የሰው ፊት ላይ ከዓይን ስር ጥላ ይጥላል።

አቀማመጡን ኮርኒስ ላይ አትጀምሪው። ወለል ላይ ጀምሪው። በናስትሮ ቁራጭ ወለሉ ላይ ስድስቱንም ለጥፊ፣ ራቅ ብለሽ እዪው፣ ሶፋውን ቁም ሳጥኑን መጋረጃውን አስቢ፣ የቁም ሳጥን በር ሲከፈት መብራቱን ይጋርዳል ወይ? ቴሌቪዥኑ ላይ ይንጸባረቃል ወይ? ቀና ስትይ ቀጥታ ዓይንሽ ላይ ነው ወይ? ደስ ካለሽ በኋላ በቱንቢ ወደ ኮርኒሱ ትወስጂዋለሽ፣ ሌዘር ካለሽ ደግሞ የበለጠ ይቀላል።

አንዱ ነጥብ ብረት ላይ ካረፈ እሱን ብቻውን ነጥለሽ አትግፊው እባክሽ። ሙሉ ረድፉን ግፊው። ረድፉ በሙሉ 5 ሳንቲም ወደ መስኮቱ ቢጠጋ ማንም አያውቀውም፣ አንዷ ብቻ 3 ሳንቲም ከመስመር ከወጣች ግን የገባ ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚያየው። የብርሃኑ ቀለም ደግሞ 2700 ወይ 3000 ኬልቪን ይሁን ለሳሎን፣ 6500 የሚለው ነጭ ሰማያዊ ለሥራ ቦታ ካልሆነ ማታ ማታ አያሳርፍም። ዲመር (ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ) ካሰብሽ አምፖሉ "ዲመር ይቀበላል" የሚል እንዳለው አሁኑኑ እዪ፣ ከሌለው ይንቀጠቀጣል።

የጂፕሰም ሰው

በረድፉ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በ6ቱ ግን ትንሽ ቅር ይለኛል፣ ክፍሉ ግድግዳው ጥቁር ወይ ቡናማ ከሆነ ብርሃን ይውጣል፣ ያኔ 9 ማድረጉ አይከፋም በሁለት ማብሪያ ከፍሎ። ግድግዳው ነጭ ከሆነ 6 ይሁን።

እጅ ያለው

እኔ የምጨምረው ቀዳዳው ሳይስማማ ሲቀር ስለሚደረገው ነው፣ እዚህ ብዙ ሰው እየመጣ ይጠይቃልና።

ቀዳዳው ጠበበ እንበል፣ 68 ተቆርጦ መብራቱ 75 ሆነ። ትልቁን ሆል ሶው ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ የመሀሉ ፑንታ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ኮርኒሱ ላይ ይጨፍራል፣ ቀለሙን ሁሉ ይጭረዋል። መፍትሔው አንድ ዘንግ ላይ ሁለት ሆል ሶው መግጠም ነው፣ ትንሹ 68ቱ ወደ ፊት ወጥቶ ቀድሞ በነበረው ቀዳዳ ውስጥ ይገባና መሪ ይሆናል፣ 75ቱ ከኋላው ይቆርጣል። ሁለት የሚይዝ ዘንግ ካላገኘሽ ቁራጭ ቺፑድ ላይ 75 ብሺና ቺፑዱን ኮርኒሱ ላይ አስደግፈሽ አጥብቀሽ ያዢው፣ ያ ቀዳዳ ሆል ሶውን ከዳር ሆኖ ይመራዋል። በቢላ ዳር ዳሩን መፋቅም ይቻላል፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ብቻ ከሆነ።

ከሰፋ ደግሞ ሁለት መንገድ ነው። ወይ ሰፋ ያለ ቀለበት ያለው መብራት ትገዢያለሽ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ማስፊያ ቀለበትም አለ። ወይ ትደፍኚዋለሽ። ሲደፈን ዝም ብሎ ስቱኮ መጠቅጠቅ አይሆንም ይወድቃል፣ ከቀዳዳው የሚረዝም ጠባብ ቁራጭ እንጨት በሰያፍ ታስገቢና ከላይ በኩል በቀዳዳው ላይ አግድም ታስተኚዋለሽ፣ በግራና በቀኝ ከስር በቪት ታስሪዋለሽ። ከዛ ክብ ጂፕሰም ቆርጠሽ እንጨቱ ላይ በቪት ትይዢዋለሽ፣ ዙሪያውን ፋሻ ለጥፈሽ በስሱ ስቱኮ፣ ሲደርቅ ሌላ ስስ፣ ከዛ አሸዋ ወረቀት። ለዚህ ነው ከሆል ሶው ውስጥ የሚወጡትን ክብ ቁራጮች አትጣሏቸው የምለው፣ ዙሪያቸው በጥርሱ ውፍረት ትንሽ ያንሳል እንጂ ለመድፈኛ ልክ ናቸው።

ስፕሪንጉን በተመለከተ ጣትሽን ጠብቂ። ሁለቱንም ወደ ላይ ይዘሽ ታስገቢና ጫፉ ቀዳዳውን ሲያልፍ ለቀቅ ታደርጊዋለሽ፣ ሲመለስ በኃይል ነው የሚመለሰው። ለማውጣትም አንዱን ጎን ብቻ አትጎትቺ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል ወደ ታች ሳቢና ስፕሪንጎቹ ብቅ ሲሉ በጣት ያዢያቸው፣ አለዛ የጂፕሰሙን ዳር ይሰብረዋል።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፣ ቤታችሁ አሮጌ ከሆነና ኮርኒሱ የሆነ ጎርበጥባጣ ልስን ያለው ወይ ግራጫ ጠንካራ ሰሌዳ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ሳታስመረምሩ ድሪል አታስጠጉት። ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው፣ ማስክና መጥረጊያ የሚፈታው አይደለም።

ሻወር ቤት

ይቅርታ ጥያቄ ውስጥ ገብቼ፣ ይሄው መብራት መታጠቢያ ቤት ይሆናል? ከሻወሩ በላይ ማለቴ ነው።

ጋሽ መስመር

ከሻወሩ በላይ ከሆነ አይፒ 65 የሚል ያለበትን ግዛ፣ ውሃ ቢረጨው የሚችል ማለት ነው። ከሻወሩ ፈንጠር ብሎ ከሆነ አይፒ 44 ይበቃል። የሳሎኑ ዓይነት ብዙውን ጊዜ አይፒ 20 ነው፣ እሱን እንፋሎት ውስጥ አታስገባው። ቀዳዳው ላይ ደግሞ የመብራቱ ጎማ ዙሪያውን እኩል እንዲቀመጥ ኮርኒሱ ለስላሳ መሆን አለበት፣ የተቦጨቀ ወረቀት ካለ መጀመሪያ በስቱኮ አስተካክለህ ቀለም ቀብተህ ነው መብራቱን የምታስገባው።

ቤት አዳሽ

ግድግዳው ነጭ ነው እና 6ቱን ወሰንኩ። አምፖሎቹን አየኋቸው 60 ዲግሪ ይላሉ፣ 3000 ኬልቪን። ወለሉ ላይ ለጠፍኩና አንዱ ረድፍ ቀጥታ ቪት መስመር ላይ አረፈ፣ ሁለቱንም ረድፍ 6 ሳንቲም ወደ በሩ ገፋሁት አሁን ሁሉም ከብረት ውጪ ነው። ባለሙያው ቅዳሜ መጥቶ መስመሩን ያያል፣ 75 ሆል ሶው እስከዛ ገዝቼ ቁራጭ ጂፕሰም ላይ እሞክራለሁ። ጋሼ ክዳን ያለው ሳጥን ያሉትን እነግረዋለሁ።

ጋሽ መስመር

ጎሽ። ሳጥኑን በመብራቱ ቀዳዳ በኩል እጅ አስገብቶ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ያስቀምጠው በይው፣ አንድ ቀን መብራቱ ሲበላሽ ኮርኒስ ሳይቀደድ እንዲወጣ።